ለመኖሪያ ግቢ፣ ለሱቅና ለመጋዘን የሚሆን ጠንካራ ጓጉንቸር አመራረጥና አጠቃቀም

መግቢያ

ሱቅን፣ መጋዘንን፣ የመኖሪያ ግቢንና የግንባታ ዕቃ ማከማቻን ከስርቆት ለመጠበቅ በአገራችን በስፋት ከሚያገለግሉ መሣሪያዎች አንዱ ጓጉንቸር ነው። ዋጋው ከሚጠብቀው ንብረት ጋር ሲነጻጸር አነስተኛ በመሆኑ ግን አመራረጡ ብዙ ጊዜ ተገቢው ትኩረት አይሰጠውም። የአንድ አነስተኛ ነጋዴ ጠቅላላ ካፒታል፣ አንዳንድ ጊዜም በብድር የተገኘ ዕቃ ጭምር፣ በአንድ ጓጉንቸር ተቆልፎ ያድራል። ይህ ጽሑፍ ዜጎች ጓጉንቸር ሲገዙ፣ ሲያስገጥሙና ሲጠቀሙ ሊያውቋቸው የሚገቡ ዋና ዋና ነጥቦችን ያቀርባል።

አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው የማይሰበር ጓጉንቸር የሌለ መሆኑ ነው። በኤሌክትሪክ ወይም በባትሪ የሚሠራ ግራይንደርና በቂ ጊዜ ካለ ማንኛውም ብረት ይቆረጣል። የጓጉንቸር ተግባር ሌባውን ማዘግየትና ድምፅ እንዲያሰማ ማስገደድ ነው። በዚህ መንገድ የተገኘው ጊዜ ጥቅም የሚኖረው ድምፁን የሚሰማ ጥበቃ፣ ጎረቤት ወይም በቂ መብራት በአካባቢው ሲኖር ነው። በተጨማሪም ሌባ የሚሞክረው ጠንካራውን ክፍል ሳይሆን ደካማውን ነው። ስለዚህ ጓጉንቸሩ፣ የሚንጠለጠልበት ማያያዣ፣ ሰንሰለቱ፣ ብየዳው፣ በሩ እና የቁልፉ አያያዝ ተመጣጣኝ ጥንካሬ ሊኖራቸው ይገባል።

1. የጓጉንቸር ክፍሎችና የሚሠሩበት ብረት

ማንኛውም ጓጉንቸር ሦስት ዋና ክፍሎች አሉት። እነርሱም አካሉ፣ የሚከፈትና የሚዘጋው የታጠፈ ብረት (ከዚህ በኋላ «ቅስት» የሚባለው) እና ቁልፍ የሚገባበት ውስጣዊ ክፍል (ሲሊንደር) ናቸው።

ሀ) አካል፦ ከናስ የተሠራ አካል ዝገትን በደንብ ይቋቋማል፤ ሆኖም ከጠንካራ ብረት ይልቅ ለመሰርሰርና ለመጋዝ የተጋለጠ ነው። ከተነባበሩ የብረት ዝርጎች የተሠራው መካከለኛ ጥበቃ ይሰጣል። ለከባድ አገልግሎት ተመራጭ የሚሆነው በሙቀት ሕክምና የጠነከረ ብረት የተሠራው ነው። የናስ ቀለም የተቀባ ብረት እንደ ናስ ሊሸጥ ስለሚችል በማግኔት መፈተሽ ይጠቅማል። ንጹሕ ናስ በማግኔት አይሳብም። ይሁን እንጂ ርካሽ የዚንክ ቅይጥም በማግኔት ስለማይሳብ ይህ ፍተሻ ብቻውን በቂ ማረጋገጫ አይደለም።

ለ) ቅስት፦ በመቁረጫ መቀስና በመጋዝ በመጀመሪያ የሚጠቃው ይህ ክፍል ነው። ከቦሮን ጋር የተቀየጠና የጠነከረ ብረት ከተራ ብረት እጅግ የተሻለ ነው። ብዙ አምራቾች መጠንከሩን በቅስቱ ላይ ቀርጸው ያመለክታሉ፤ ጽሑፉ ግን በአስመሳይ ምርት ላይም ሊገኝ ይችላል። ሻጩ ከፈቀደ ቅስቱን በሞረድ ጫና በቀስታ መሞከር ይቻላል። ሞረዱ በተራ ብረት ላይ ይነክሳል፤ በጠነከረ ብረት ላይ ግን ይንሸራተታል።

ሐ) ሲሊንደር፦ በብዛት የሚገኘው በፒን የሚሠራው ዓይነት ነው። የፒኖቹ ቁጥር ሲጨምር ያለ ቁልፍ መክፈት ይከብዳል፤ ሊኖሩ የሚችሉ የተለያዩ ቁልፎች ብዛትም ይጨምራል። ለንግድ ቤት ቢያንስ 5 ፒን ያለው ይመከራል። በክብ ዝርግ ብረቶች (ዲስኮች) የሚሠራው ዓይነት አቧራና ዝናብ በሚበዛበት ቦታ በተሻለ ሁኔታ ያገለግላል።

2. በመጠንና በአሠራር ረገድ ሊታዩ የሚገባቸው ነጥቦች

የጓጉንቸር ትልቅነት ብቻውን የጥንካሬ ምልክት አይደለም። ግዢ ከመፈጸሙ በፊት የሚከተሉትን መመልከት ያስፈልጋል።

• የቅስቱ ውፍረት፦ 6 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆነ ቅስት በአነስተኛ የእጅ መቁረጫ በቀላሉ ይቆረጣል፤ ለሣጥን ወይም ለውስጥ በር ካልሆነ በስተቀር አይመከርም። ለሱቅ በር 10 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ለመጋዘን ደግሞ 12 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ የጠነከረ ቅስት ተመራጭ ነው።

• የቅስቱ ክፍተት፦ ጓጉንቸሩ ከተቆለፈ በኋላ በቅስቱና በአካሉ መካከል የሚቀረው ክፍተት በሰፋ መጠን መቁረጫ ወይም ዲጂኖ ለማስገባት ያመቻል። ስለሆነም ለማያያዣው ከሚበቃው በላይ ረጅም ቅስት መግዛት አይገባም። ቅስቱ በአካሉ ትከሻዎች የተሸፈነ ጓጉንቸር ለመቁረጫ መቀስ የማይመች በመሆኑ የተሻለ ነው።

• የመቆለፊያው አሠራር፦ ቅስቱ በሁለቱም ጫፎቹ የሚያዝ መሆን አለበት። በአንድ ጫፍ ብቻ በቀላል ሞላ የሚያዝ ጓጉንቸር ስስ ቆርቆሮ በማስገባት ሊከፈት ይችላል። ቅስቱን በብረት ኳሶች የሚይዘው ዓይነት ይህን ዘዴ ይከላከላል።

• ቁልፉን የሚይዝ ዓይነት፦ ካልተቆለፈ በስተቀር ቁልፉ የማይወጣበት ጓጉንቸር ተጠቃሚው ሳይቆልፍ እንዳይሄድ ይረዳል።

3. የጥራት ደረጃ

በዓለም አቀፍ ገበያ ከሚታወቁት መለኪያዎች አንዱ ለጓጉንቸርና ለማያያዣዎቹ የወጣው የአውሮፓ ስታንዳርድ ኢኤን 12320 ነው። ይህ ስታንዳርድ ምርቱን ከ1 እስከ 6 ባሉ የጥበቃ ደረጃዎች ይመድባል፤ ከፍተኛው 6 ነው። በፍተሻው ቅስቱን መሳብና መጠምዘዝ፣ መቁረጥ፣ በመጋዝ መገዝገዝና መሰርሰር ይካተታሉ። በጥቅል ሲታይ ደረጃ 1 እና 2 ለአነስተኛ ጥበቃ፣ ደረጃ 3 ለመካከለኛ፣ ደረጃ 4 ለሱቅና ለመጋዘን፣ ደረጃ 5 እና 6 ደግሞ ከፍተኛ ዋጋ ያለው ንብረት ለሚገኝበት ስፍራ ተስማሚ ናቸው።

አንዳንድ አምራቾች በማሸጊያው ላይ የራሳቸውን ደረጃ፣ ለምሳሌ ከ10 ወይም ከ15 የሚቆጠር ቁጥር ያትማሉ። ይህ አኃዝ የአንድን አምራች ምርቶች እርስ በርስ ለማነጻጸር ብቻ የሚያገለግል ስለሆነ ከላይ ከተገለጸው ስታንዳርድ ጋር መምታታት የለበትም። የንብረት መድን ውል ያለው ሰው ውሉ ስለ መቆለፊያ የሚያስቀምጠውን ግዴታ ከግዢ በፊት ማንበብ ይኖርበታል።

4. ማያያዣ፣ ብየዳና ሰንሰለት

ጥሩ ጓጉንቸር በደካማ ማያያዣ ላይ ሲንጠለጠል ወጪው በከንቱ ይቀራል። በብዙ የላሜራ በሮች ላይ የሚታየው ቀለበት ከቀጭን ፌሮ የታጠፈና በአንድ ነጥብ ብቻ የተበየደ ነው። እንዲህ ያለው ቀለበት በእጅ መጋዝ (ሴጌቶ) ይቆረጣል፤ በዲጂኖም ተፈልቅቆ ይወጣል። ስለዚህ፦

• ቀለበቱ ቢያንስ የጓጉንቸሩን ቅስት ያህል ውፍረት ይኑረው፤ ዙሪያውንም ሙሉ በሙሉ ይበየድ። ከብየዳ በፊት ቀለምና ዝገት ይጠረግ።

• ቀለበቱ በስስ ላሜራ ላይ ሳይሆን በበሩ ፍሬምና በመቃኑ ላይ ይበየድ።

• ብየዳ ሲከናወን ጓጉንቸሩ ከቦታው ይነሣ። የብየዳ ሙቀት የጠነከረን ብረት ያለሰልሳል፤ የውስጥ ክፍሎቹንም ያበላሻል።

• በእንጨት በር ላይ ማያያዣው በተራ ብሎን ብቻ አይታሰር። በሩን አልፎ በውስጥ በኩል በዳዶ የሚጠብቅ ቦሎን ይመከራል፤ በሩ ሲዘጋም የቦሎኖቹ ራስ በማያያዣው ክዳን መሸፈን አለበት።

• የበሩ ማጠፊያዎች ከውጭ የሚታዩ ከሆነ ፒናቸው እንዳይወጣ ይበየድ። ማጠፊያው የተነቀለ በር ጓጉንቸሩ ሳይነካ ይከፈታል።

• ሰንሰለት ሲያስፈልግ የጠነከረ ብረት መሆኑ ይረጋገጥ። በተቻለ መጠን አጥሮና ጠብቆ ከመሬት ከፍ ብሎ ይታሰር። መሬት የነካ ሰንሰለት መቁረጫውን በመሬት ላይ አስደግፎ በሙሉ ክብደት ለመጫን ያመቻል።

ለኮንቴይነር ሱቅና ማከማቻ ጓጉንቸሩን ከሦስት አቅጣጫ የሚሸፍን የተበየደ የብረት ሣጥን ማሠራት ውጤታማ ዘዴ ነው። እጅ ከታች ገብቶ ቁልፉን ያዞራል፤ ረጅም እጀታ ያለው መቁረጫ ግን ሊገባ አይችልም።

5. የቁልፍ አያያዝ

ብረት ሳይሰበር፣ በቁልፍ ብቻ ተከፍቶ ንብረት ሊሰረቅ ይችላል። በመሆኑም የሚከተሉት ጥንቃቄዎች እንዲወሰዱ ይመከራል።

• አዲስ ጓጉንቸር ሲገዛ ከማሸጊያው ውስጥ ያሉት ቁልፎች ተሟልተው መገኘታቸውና ማሸጊያው ያልተከፈተ መሆኑ ይረጋገጥ። በርካታ ጓጉንቸር በአንድ ጊዜ የሚገዛ ሰው የአንዱን ቁልፍ በሌላው ላይ ይሞክር። ዝቅተኛ ጥራት ካላቸው ምርቶች መካከል አንድ ቁልፍ ብዙ ጓጉንቸር የሚከፍትበት ሁኔታ አለ።

• በቁልፉ ወይም በማሸጊያው ላይ የተጻፈው የቁልፍ ቁጥር ተመሳሳይ ቁልፍ ለማስቀረጽ ሊያገለግል ስለሚችል በምስጢር ይያዝ።

• ቁልፍ በምንጣፍ ሥር፣ በአበባ ማሰሮ ውስጥ ወይም በቆጣሪ ሣጥን ላይ አይቀመጥ። በቁልፍ መያዣው ላይ የሱቁ ስም ወይም አድራሻ አይጻፍ።

• ሠራተኛ ሥራ ሲለቅ ወይም ቁልፍ ሲጠፋ ጓጉንቸሩ ይለወጥ። ከአንድ በላይ ሠራተኛ ባለበት ድርጅት ቁልፍ የወሰደና የመለሰ ሰው በመዝገብ ይፈርም።

• ቀን ላይ በሩ ክፍት በሚሆንበት ጊዜ ጓጉንቸሩ ተከፍቶ አይንጠልጠል፤ በቀለበቱ ላይ ተቆልፎ ይዋል ወይም ወደ ውስጥ ይግባ። ተከፍቶ የተንጠለጠለ ጓጉንቸር ሌባው መልኩ በሚመሳሰል በራሱ ጓጉንቸር ሊቀይረው ይችላል። ባለቤቱ ማታ ሳያስተውል የሌባውን ጓጉንቸር ቆልፎ ይሄዳል፤ ሌባውም ሌሊት በራሱ ቁልፍ ይከፍታል። ማታ በራስ ቁልፍ ሞክሮ መቆለፍ ይህን ማታለያ ያጋልጣል።

6. ሰው ባለበት ቤት ላይ ከውጭ አለመቆለፍ

ንብረትን ለመጠበቅ ሲባል የሰው ሕይወት ለአደጋ መጋለጥ የለበትም። ጥበቃ ሠራተኛን፣ የሌሊት ተረኛን ወይም ሕፃናትን በውስጥ አስቀምጦ በሩን ከውጭ መቆለፍ እሳት ቢነሣ መውጫ ያሳጣቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1911 በኒው ዮርክ ከተማ በትራያንግል የልብስ ፋብሪካ በደረሰው ቃጠሎ 146 ሠራተኞች ሕይወታቸው አልፏል። የሟቾችን ቁጥር ካበዙት ምክንያቶች አንዱ የመውጫ በር ተቆልፎ መገኘቱ ነበር። በአገራችንም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪዎች የሠራተኞቻቸውን ደኅንነት ለመጠበቅ አስፈላጊውን እርምጃ እንዲወስዱ ግዴታ ይጥላል። ስለሆነም ሰው በሚያድርበት ሕንፃ ቢያንስ አንድ በር ከውስጥ ያለ ቁልፍ የሚከፈት፣ መተላለፊያውም ከዕቃ ነጻ የሆነ መሆን አለበት። የመስኮት የብረት ፍርግርግ ባለበት ቤትም ይኸው ጥንቃቄ ይሠራል።

7. እንክብካቤ

የክረምት ዝናብና የበጋ አቧራ ጓጉንቸርን የሚያበላሹ ዋና ምክንያቶች ናቸው። በዓመት ቢያንስ ሁለት ጊዜ፣ ክረምት ከመግባቱ በፊትና ከወጣ በኋላ፣ አቧራውን አራግፎ ጥቂት ቀጭን ዘይት ወይም የግራፋይት ዱቄት መጨመር ይገባል። ሁለቱ ተቀላቅለው ስለሚጓጉሉ ከሁለቱ አንዱ ብቻ ይመረጥ። የተቃጠለ የሞተር ዘይት መጠቀም አቧራ አጣብቆ ሲሊንደሩን ስለሚዘጋ አይመከርም። ለዝናብ የተጋለጠ ጓጉንቸር የቁልፍ መግቢያው ወደ ታች እንዲሆን ይንጠልጠል። ቁልፉ መጣበቅ ከጀመረ በኃይል ማዞር ቁልፉን በውስጥ ሊሰብር ስለሚችል ጓጉንቸሩን በጊዜው መለወጥ ይሻላል።

8. የገዢው መብት

በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው። ስለሆነም ገዢው የቅስቱን ውፍረት፣ የአካሉን ብረት ዓይነት፣ የጥራት ደረጃውንና ዋስትናውን መጠየቅ፣ ደረሰኝም መቀበል ይኖርበታል። ደረሰኝ ዕቃው ጉድለት ከተገኘበት አቤቱታ ለማቅረብ፣ ስርቆት ከደረሰም ባለቤትነትን ለማስረዳት ይጠቅማል።

9. ጓጉንቸር ተሰብሮ ከተገኘ

• ወደ ውስጥ ብቻን አለመግባት፤ ሌባው በውስጥ ሊኖር ይችላል።

• የተቆረጠውን ጓጉንቸር፣ ሰንሰለቱንና በሩን አለመንካት፤ ማስረጃ ናቸው።

• ወዲያውኑ በአቅራቢያ ለሚገኝ ፖሊስ ጣቢያ ማሳወቅ። በአዲስ አበባ ለፖሊስ በ991፣ የእሳት አደጋ ከሆነ በ939 መደወል ይቻላል።

• ፖሊስ ምርመራውን ሲጨርስ የጎደለውን ዕቃ በዝርዝር መመዝገብ፣ ደረሰኞችን ማሰባሰብና መድን ካለ ለመድን ሰጪው ማሳወቅ።

• አዲስ ጓጉንቸር ከመግጠም በፊት ሌባው የገባበትን ደካማ ክፍል መለየትና መጠገን። የተሰበረው ቀለበቱ ወይም ብየዳው ከሆነ ጓጉንቸሩን ብቻ መለወጥ ችግሩን አይፈታም።

ማጠቃለያ

ጓጉንቸር ለመግዛት የሚያስብ ሰው በቅድሚያ በሩን፣ መቃኑንና ቀለበቱን ይመርምር፤ ከዚያም ለእነርሱ የሚመጥን ውፍረትና ደረጃ ያለውን ይምረጥ። ቁልፉ በማን እጅ እንደሚቆይ አስቀድሞ ይወስን፤ በውስጥ ሰው የሚያድር ከሆነም መውጫውን ያረጋግጥ። በገንዘብ እጥረት ምክንያት ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማሟላት ካልተቻለ ቅድሚያ ሊሰጠው የሚገባው እጅግ ደካማ ለሆነው ክፍል ነው።