ገፋ፣ ግፍ፣ ግፊት

«ግፊት አለብኝ» ያለ ሰው ስለ ደሙ እንደሚናገር ማንም አይጠፋውም። ቃሉን የደም ግፊት ሕመም ጠቅልሎ ስለወሰደው፣ ሆድም የራሱ ግፊት አለው ሲባል ግር ይለናል።

ሥሩ ግዕዙ «ገፍዐ» ነው፤ በደለ፣ አስጨነቀ ማለት። «በልዐ» «በላ»፣ «ሰምዐ» «ሰማ» እንደሆኑ «ገፍዐ»ም በአማርኛ «ገፋ» ሆነ፤ የወደቀው ዐይን ዱካውን በራብዑ «ፋ» ላይ ትቶ ሄደ። «ግፍ» እና «ግፉዕ» የወጡት ከዚሁ ነው፤ «ግፊት»ም ወንድማቸው ነው። እናቶች ወተት የሚገፉትም በዚሁ ቃል ነው። በመግፊያው ቅል ውስጥ አየር ሲታመቅ ክዳኑን ከፈት አድርገው ያስተነፍሱታል፤ ከቃሉ ዘመዶች ሁሉ እኔ የምወደው ይህን ነው።

ወደ ሆድ ግፊት ስንመለስ፣ በመኪና አደጋ ሆዱን የተመታ ሰው ቆዳው ሳይቀደድ ጣፊያው ወይም ጉበቱ ሊደማ ይችላል። የፈሰሰው ደምና ያበጠው አንጀት ቦታ ይሻማሉ። ግፊቱ ሆድንና ደረትን የሚለየውን ጡንቻ፣ ድያፍራምን፣ ወደ ሳንባ ይገፋል፣ ትንፋሽ ያጥራል፤ ኩላሊት ደም ያጣል፣ ሽንት ይቀንሳል። እዚህ ላይ «ገፋ» አሮጌውንም አዲሱንም ትርጉሙን ይዟል፤ ይገፋል፣ ይበድላልም።

ምስጢር ስንቀብር «ሆድ ይፍጀው» እንላለን። ሆድ በእርግጥ ይደብቃል፤ የሐኪም እጅ ዳስሶ ግፊቱን በትክክል ሊያውቅ አይችልም። የሚናገረው ፊኛ ነው። አማርኛ የሽንት መቋጠሪያውንም ልጆች የሚነፉትንም «ፊኛ» ይላል፤ በዙሪያው ያለውን ግፊት የሚቀበል ስስ ቆዳ ነውና ስሙ ልክ ነው። ታማሚው በጀርባው ተኝቶ በቀጭን ቱቦ (ካቴተር) ቢበዛ 25 ሚሊ ሊትር ጨዋማ ውሃ ወደ ፊኛው ይገባል፤ ልኬቱ የሚነበበው ትንፋሽ ወጥቶ ሲያልቅ ነው። በጽኑ ሕሙማን ዘንድ ከ5 እስከ 7 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ የተለመደ ነው። 12 ደርሶ ወይም አልፎ ከቆየ ያሳስባል፤ ከ20 በላይ ሆኖ ሳይወርድ ቀርቶ አንድ የአካል ክፍል አዲስ መድከም ከጀመረ ሕይወትን የሚያሰጋ ነው።

ይህን የፊኛ ልኬት ለቀዶ ሕክምና ውሳኔ መመሪያ ያደረጉት ቀዶ ሐኪሙ ኧርቪንግ ክሮንና ባልደረቦቹ በ1984 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ ነው። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ግፊታቸው ከ25 ያለፈና ሽንታቸው የቀነሰ 11 ሕሙማን ነበሩ። የ7ቱ ሆድ ዳግም ተከፍቶ ግፊቱ ሲተነፍስ ሽንታቸው ወዲያው መጣ። ሆዳቸው ዳግም ያልተከፈተው 4ቱ ኩላሊታቸው ደክሞ ሞቱ።