ማኔ የሣለው የሎንሻን እሽቅድድም

በፓሪስ ዳር በቧ ደ ቡሎኝ ዱር ውስጥ ያለው የሎንሻን የፈረስ መሮጫ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1857 ዓመት ተከፈተ፤ በመክፈቻውም ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ሣልሳዊ ናፖሌዎን ተገኝተው ነበር። ከዚያም ወዲህ መኳንንቱና ባለጸጎቹ፥ ወይዛዝርቱም ጭምር፥ ፈረስ ከማየት ይልቅ እርስ በርሳቸው ለመተያየት ይሰበሰቡበት ጀመር።

በኋላ አምፕሬሲዮኒስት የተባሉት ሠዓልያን እንደ ታላቅ ያከበሩት ኤድዋር ማኔ ይህን ጉባኤ በ1866 ሣለው። ከእርሱ በፊት የነበሩት የሚጋልብ ፈረስ ሲሥሉ ከጐኑ አድርገው፥ የፊቱን እግር ወደ ፊት የኋላውንም ወደ ኋላ ዘርግተው፥ በአየር የሚንሳፈፍ ያስመስሉት ነበር። ዤሪኮ በ1821 የሣለው የኤፕሶም እሽቅድድም እንዲህ ነው። ፈረስ ግን አራቱንም እግሮቹን ከመሬት የሚያነሣው ከሆዱ በታች በሰበሰባቸው ጊዜ መሆኑን ማይብሪጅ በ1878 በካሊፎርንያ ያነሣቸው ፎቶግራፎች ገለጡ። ማኔ ይህን ሳይጠብቅ ፈረሶቹን ፊት ለፊት ወደ ተመልካቹ ሲመጡ ሣላቸው፤ ተመልካቹም ማንም ሊቆምበት በማይደፍር ስፍራ፥ በመሮጫው መካከል የቆመ ይመስለዋል። እግሮቹ ከአቧራው ጋራ ተደባልቀዋልና አይቈጠሩም።

ሕዝቡስ? ለመታየት ያን ያህል ያጌጠው ሕዝብ ፊት እንኳ የለውም፤ ጃንጥላው ነጭ፥ ባርኔጣው ጥቍር ነጥብ ሆኖ ቀርቷል። ሠዓሊው ሥራውን አልፈጸመም ብሎ የሚነቅፍ ቢኖር፥ ፈረስ በፊቱ ሲያልፍ የጎረቤቱን መልክ አስተውሎ እንደ ሆነ ራሱን ይጠይቅ።

በ1870 ንጉሠ ነገሥቱ በሴዳን ተማረኩ፥ መንግሥታቸውም ወደቀ። ሥዕሉ በአሜሪካ፥ በቺካጎ ቤተ ሥዕል ይገኛል።