ንባብና ምሥጢር፤ በዓባይና በበሽሎ መካከል

ደቡብ ጎንደርን ወደ ምሥራቅ የዘለቀ መንገደኛ ጋይንትን፣ ስማዳንና እስቴን ያገኛል። ከዚያ ወደ ደቡብ ዓባይን የተሻገረ ጎጃም ይገባል፤ ወደ ምሥራቅ በሽሎን የተሻገረ ደግሞ ወሎ ይደርሳል። ጎጃም ለረጅም ዘመን የቅባት ትምህርት ምሽግ ነበር። በወሎም ያንን ትምህርት ያወገዘው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በ1870 ዓ.ም. ተቀምጧል። በሁለቱ መካከል ያለው አገር ግን በሊቃውንት ዘንድ ስሙ የሚነሣው ከክርክር ይልቅ በዜማ ነው። የጋይንቷ ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት። ከቆማ የወጣው ዜማም እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል።

ከዚህ አገር አኩፋዳውን አንግቶ፣ ደበሎውን ለብሶ የወጣ የቆሎ ተማሪ ትምህርቱን የሚጀምረው ከንባብ ነው። ግእዝ፣ ውርድ ንባብ፣ ቁም ንባብ እያለ ይወጣል፤ ከዚያም ዳዊትን በቃሉ ይይዛል። ትርጉሙን ገና አያውቀውም። እኛ ከተሜዎች ይህን ስንሰማ «በቀቀን ማሠልጠን ነው» ማለት ይቀናናል። ነገር ግን ከልማዱ በስተጀርባ አንድ ትልቅ ሐሳብ አለ፤ ይኸውም ስለ ቃሉ ከመከራከር በፊት ቃሉ ራሱ ሳይጎድል ሳይጨመር በልብ መቀመጥ አለበት የሚል ነው።

ተማሪው ዜማውንና ቅኔውን አልፎ መጻሕፍት ቤት ሲገባ ሁለት ነገሮች ይገናኛሉ። በሊቃውንት ጉባኤ ሃይማኖተ አበውና ቄርሎስ ይተረጎማሉ። እነዚህ ስለ ሥላሴና ስለ ሥጋዌ ምን ማመን እንደሚገባ በሥርዓት የሚያስተምሩ፣ የስሕተትንም በር የሚዘጉ መጻሕፍት ናቸው። በብሉይና በሐዲስ ጉባኤ ደግሞ ኦሪቱ፣ ነቢያቱና ወንጌሉ እንደ ተጻፉት ቃል በቃል ይመጣሉ። ለመሆኑ ሁለቱ ባይስማሙ ማን ለማን ይታዘዛል? በዓለም ዙሪያ ክርስቲያኖችን ሲያነታርክ የኖረው ጥያቄ ይኸው ነው።

የእኛ ሊቃውንት መልስ «አንድም» የምትለው ቃል ናት። ተማሪው የግእዙን ኃይለ ቃል ያነብባል፤ መምህሩ በመጀመሪያ ነጠላውን ትርጉም በአማርኛ ይሰጣል። ከዚያ «አንድም» ብሎ ሁለተኛውን፣ «አንድም» ብሎ ሦስተኛውን ያመጣል፤ ሐተታውንና ታሪኩን ያክላል፤ ምሥጢሩንም ይገልጣል። ሁለተኛው ትርጉም ሲመጣ የመጀመሪያው አይሻርም። የጎንደር ትምህርት የላይ ቤትና የታች ቤት ተብሎ ሲከፈልም (የታች ቤቱ መምህር ኤስድሮስን አባቱ ያደርጋል) ሁለቱም ቤቶች ይህን አካሄድ ጠብቀው ቆይተዋል።

እንግሊዛዊው ተመራማሪ ሮጀር ካውሊ እ.ኤ.አ. በ1988 በታተመው መጽሐፉ የአንድምታን ምንጭ ሲከታተል አስገራሚ ቦታ ደርሷል። ከአንድምታው ምንጮች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1043 የሞተው የባግዳዱ ቄስና ሐኪም ኢብን አጥ-ጠይብ ነው፤ የዓረብኛ ትርጓሜው ወደ ግእዝ ተመልሶ ነበር። ይህ ሰው የቤተ ክርስቲያናችን መጻሕፍት «ንስጥሮሳውያን» እያሉ ከሚያወግዟቸው ወገን ነው። ትርጓሜው የቃሉን ታሪክና ግልጽ ትርጉም አስቀድሞ የሚፈልገውን የአንጾኪያን ትምህርት ቤት ልማድ የተከተለ ነው። እንግዲህ አባቶቻችን በዶግማ በሩን የዘጉበትን ሰው በንባብ ከጉባኤያቸው አስገብተውት ኖረዋል ማለት ነው!

ይሁን እንጂ «አንድም» ዳር ድንበር ነበራት። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 10 ቁጥር 38 ጴጥሮስ እግዚአብሔር የናዝሬቱን ኢየሱስን በመንፈስ ቅዱስ እንደ ቀባው ይናገራል። ንባቡ ግልጽ ነው፤ ሕፃንም ይረዳዋል። ነገር ግን በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የካቶሊክ መምህራን ከመጡ ወዲህ ጥያቄው ከረረ። ወልድ በባሕርይው አምላክ ከሆነ መቀባቱ ምን ጨመረለት? ቅባቶች «ተቀባ ካለ ቅባቱ የሠራው ሥራ አለ፤ ሥጋ የባሕርይ ልጅ የሆነው በመቀባቱ ነው» አሉ። ጸጎች «በመንፈስ ቅዱስ የጸጋ ልጅ ሆነ» ብለው ሦስተኛ ልደት ቈጠሩ። ተቃዋሚዎቻቸው «ካራ» ያሏቸው ተዋሕዶዎች ደግሞ «ተዋሕዶው ራሱ ቅባት ሆነው» ብለው መለሱ። ሦስቱም የቆሙት በአንድ ጥቅስ ላይ ነበር። ሁሉም ቃሉን አልካዱም፤ ሁሉም ግን ቃሉን ቀድሞ በልባቸው ከነበረው ሥርዓት ጋር ማስማማት ነበረባቸው።

ነገሩ በመምህራን መካከል ቢቀር ኖሮ ሌላ «አንድም» በሆነ ነበር። ግን ርስት፣ ገዳምና ዙፋን ተጨመሩበት። በ1846 ዓ.ም. ገና ያልነገሡት ካሣ ከአቡነ ሰላማ ጋር በአምባ ጫራ ለተዋሕዶ ወሰኑ። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ንጉሥ ምኒልክ ባሉበት በቦሩ ሜዳ ነገሩን ቈረጡት፤ እምቢ ያሉትም ተቀጡ። ፍርዱ በትምህርት ረገድ ትክክል ነው የሚሉ ብዙ ናቸው፤ አንዲት ቤተ ክርስቲያን በሦስት ትምህርት ልትኖር እንደማትችልም እሙን ነው። ይሁን እንጂ በፍርሃት የተዘጋ አፍ አምኖ ዝም ካለ አፍ አይቈጠርም።

በዚያው ክፍለ ዘመን ሌላ መንገድ ተከፍቷል። ጎጃሜው አባ አብርሃም (አቡ ሩሚ) በካይሮ የተረጐሙት የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ እ.ኤ.አ. በ1840 ሙሉው ታተመ። በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ለጋይንትና ለእስቴ ጎረቤት በሆነችው በደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ላይ፣ የሰፈሩት ሚስዮናውያንም ይህንኑ መጽሐፍ ለሕዝቡ ማዳረስ ነበር ዓላማቸው፤ ንጉሡ ግን መድፍ አስቀለጧቸው እንጂ! ከዚህ በኋላ አንድ ገበሬ ያለ ዜማ፣ ያለ ቅኔ፣ ያለ መምህር ቃሉን በቋንቋው ማንበብ ቻለ። ይህ ትልቅ ጸጋ ነው፤ የሚነፍገውም ሊኖር አይገባም።

ዛሬ በየከተማው የምንሰማው ሙግት የዚህ ውርስ ነው። አንዱ «መጽሐፉ እንዲህ ይላል» ሲል ሌላው «አባቶች እንዲህ ብለዋል» ይላል። የመጀመሪያው ያለ ምንም ሥርዓት በባዶ ልብ ያነበበ ይመስለዋል፤ ማንም ግን በባዶ ልብ አያነብም። ሁለተኛው አባቶች የዘጉትን በር ብቻ ያስታውሳል፤ ከዶግማው አስቀድመው ነጠላውን ንባብ ማስተማራቸውን፣ ከተወገዘ ወገን እንኳ ትርጓሜ መማራቸውን ግን ይረሳል።

ከጋይንት የወጣው ተማሪ ሁለቱንም ለማገናኘት ዕድሜውን ይሰጣል። ዛሬ አንድምታው ታትሞ በየመደብሩ ይሸጣል፤ ስለዚህ ቃሉ አልጠፋም። የሚያሰጋው ተማሪው «ንባቡ እንዲህ ይላልሳ?» ብሎ ሲጠይቅ ሳይቈጣ «አንድም» የሚል መምህር እንዳይታጣ ነው። ያ ከታጣ የሚቀረን ወይ ንባብ ብቻ፣ ወይ ውግዘት ብቻ ይሆናል።