ተነሺ ቤት፣ ፎቶ ያልተነሣ ቤት

በመሥሪያ ቤት አማርኛ ቤቱ ለልማት የሚፈርስበት ሰው «የልማት ተነሺ» ይባላል። ቃሉ ለስላሳ ነው፤ ማን እንዳስነሣው አይናገርም። ያው ግስ ፎቶ ቤት ሲገባ ደግሞ «ፎቶ ተነሣሁ» ያሰኛል። ላሊበላ ከተማ ሁለቱንም ፍቺ አይታለች፦ አብያተ ክርስቲያናቷ ፎቶ ሲነሡ ኖሩ፤ አጠገባቸው የነበሩት ቤቶች ግን ተነሡ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት 11 ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ብቻቸውን የቆሙ አልነበሩም፤ ዩኔስኮ ራሱ በቅርሱ መግለጫ ላይ ከአካባቢው ቀይ ድንጋይ የተሠሩትን ባለ ደርብ ክብ ቤቶች ይጠቅሳል። እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም ባንክ የቱሪዝም ልማት ፕሮጀክት ጸደቀ፤ በዚሁ ፕሮጀክት በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ የነበሩ ነዋሪዎች ምትክ ቦታ ተሰጥቷቸው ኩራኩር ወደተባለው ሰፈር ተዛወሩ። ከክብ ቤቶቹ የተወሰኑት ለቅርስነት ሲተርፉ ባለቤቶቻቸው ግን አልተረፉላቸውም። ሂደቱን በሰፊው የመረመረችው የጂኦግራፊ ባለሙያዋ ማሪ ብሪዶኖ ናት፤ የጻፈችውም በአብዛኛው በፈረንሳይኛ ነው። የኩራኩር ሰው ታሪኩን በራሱ ቋንቋ ለማንበብ አልታደለም።

ባዶ ቤት በቅርስነት ይጠበቃል የሚለው ሐሳብ ለእኔ አይዋጥልኝም። የደጋ ጎጆ ክዳን የሚቆየው በምድጃው ጭስ ነው፤ ጭሱ ሣሩንና ወጋግራውን አጥቁሮ ነቀዝና ምስጥ ይከላከላል። በላሊበላው ክብ ቤት ከታች ከብት፣ ከላይ ሰው፣ በውጭ በኩል ደግሞ የድንጋይ ደረጃ ነበረ። እሳቱ ሲጠፋ ቤቱን የሚጠብቀውም አብሮ ጠፋ።

ታዲያ እነዚህን ቤቶች በምስል ለማስቀረት ሥነ ጥበቡ የት ነበር? በገበያ የሚሸጠው የብራና ሥዕል ንጉሥ ላሊበላንና ከእርሱ ጋር አለት የሚፈለፍሉትን መላእክት እንጂ ጎረቤት አያሳይም። እ.ኤ.አ. በ1940 ስለ ላሊበላ መጽሐፍ ያሳተመው ሞንቲ ዴላ ኮርቴም ሆነ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በካሜራው የተራቀቀው ስዊዘርላንዳዊ ጌኦርግ ጌርስተር ዓይናቸው አለቱ ላይ ነበር። ክብ ቤቱ ከገባም በምስሉ ዳር፣ ግማሽ ክዳኑ ተቆርጦ ነው።

አዲስ አበባ በዚህ ረገድ ትሻላለች። ሠዓሊነትን ትቶ ወደ ፎቶግራፍ የዞረው ሚካኤል ጸጋዬ የሚፈርሱ ሰፈሮችን፣ የተነሡ መቃብሮችን ሳይቀር፣ በምስል አስቀርቷል። የሞ ስካርፔሊ «አንበሳ» (እ.ኤ.አ. 2019) የተባለው ፊልም ደግሞ በኮንዶሚኒየም ግንባታ ጥግ ከእናቱ ጋር የሚኖር ልጅን ይከተላል። ጩኸት የለበትም፤ ልጁ ከሕንፃዎቹ ማዶ ያለውን ጫካ ያዳምጣል። ይህም ተቃውሞ ነው፤ ተቃውሞ ሲባል ሰልፍ ብቻ ለሚታየው ሰው ግን ምንም ላይመስለው ይችላል።

ላሊበላም ሰልፍ አይታለች። በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ሕዝቡ አደባባይ የወጣው በ2000 ዓ.ም. በአብያተ ክርስቲያናቱ ላይ የተተከሉት ግዙፍ ከለላዎች ያሰጉናል ብሎ ነበር። ሰልፉ ዓለም አቀፍ ዜና ሆነ፤ ለአለቱ የተጮኸው ተሰማ ማለት ነው። ለጎጆው የተባለው ግን ከመፈክር ይልቅ በእንጉርጉሮ፣ በለቅሶ ቤት ሙሾ፣ ቡና ላይ በሚወረወር ሰምና ወርቅ ውስጥ መፈለግ አለበት። በእኛ አገር ቅሬታ በቀለም ከመሣሉ በፊት በቃል ይቋጠራል። የከተማዋን ስም ይዘው በየአገሩ የሚዞሩት «ላሊበላዎች» እንኳ ንጋት ላይ የሚያዜሙት በሰው ደጅ ቆመው ነው፤ ደጅ ከሌለ ዜማውም ማረፊያ የለውም።

ስለዚህ ለሥነ ጥበብ ታሪክ ተመራማሪዎች ያለኝ ጥያቄ ቀላል ነው። በቤተሰብ አልበምም ሆነ በቤተ መዛግብት የላሊበላ አሮጌ ፎቶ ስታገኙ መሐሉን ተዉትና ዳሩን እዩ። ከዚያም ኩራኩር ሂዱና ለአረጋውያኑ አሳዩአቸው፤ ያ ግማሽ ክዳን የማን ቤት እንደነበረ ጠይቁ፤ የሚነግሯችሁንም ስም ከፎቶው ጀርባ ጻፉ።