ጫማ፣ ለታመመ እግር
በመርሳ፣ በሐብሩ ገጠርና በወልድያ ዙሪያ የሚዘወተረው ኮንጎ ጫማ ርካሽ ነው፤ ጭቃውም ቶሎ ይታጠባል። ለታመመ እግር ግን አይመከርም፦ አየር አያስገባም፣ ያልባል፣ ጠርዙም ያበጠ እግር ይልጣል።

ዝሆኔ የሚባለው የእግር እብጠት አንዱ ዓይነት ፖዶኮኒዮሲስ ነው። ከትንኝ አይመጣም፤ መነሻው በደጋ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር መሄድ ነው። ታማሚው እግሩን በየቀኑ በሳሙና አጥቦ፣ በደንብ አድርቆና ቅባት ቀብቶ ካልሲና ሽፍን ጫማ ያደርጋል። እግሩ ከማበጡ የተነሳ በገበያ ጫማ ውስጥ ካልገባ በልክ ማሰፋት ነው።

በሥጋ ደዌ ወይም በስኳር ሕመም የደነዘዘ እግር ከዚህ ይከፋል። ጫማው ቢልጠው፣ እሾህ ቢወጋው ባለቤቱ አይሰማውም፤ ስለዚህ «ተመችቶኛል» ማለቱ ብቻ አይበቃም። ሶሉ ወፍራም፣ ውስጡ ለስላሳ፣ ፊቱ ሰፊ ይሁን፤ በሚስማር የተመታ አይገዛ። ከመጫማት በፊት ውስጡን በእጅ መዳሰስ፣ ማታ እግርን ማየት ያስፈልጋል። ለወሎ ሰው የሥጋ ደዌ ሕክምና የቆየ ስም ያለው ደሴ አጠገብ ያለው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ነው።

ልክ የሚለካው ከሰዓት በኋላ፣ እግር ሲያብጥ፣ ቆሞ ነው። ሁለቱ እግሮች ከተበላለጡ ለትልቁ ይገዛል።