ወደ ውስጥ የታጠፈ ጥበብ

በሥዕል የሚነገር ታሪክ ለእኛ አገር እንግዳ አይደለም። ደብረ ማርቆስና አካባቢዋ ላደገ ሰው ይህ ማስረጃ አያሻውም። በየአብያተ ክርስቲያናቱ የመቅደሱ ግድግዳ በክፍል በክፍል ተሥሏል፤ ፊደል ያልቆጠረች እናት ከአንዱ ሥዕል ወደ ሌላው በዐይኗ እየተሻገረች የሰማዕቱን ታሪክ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ትዘልቀዋለች። ይህ ንባብ ካልሆነ ንባብ የምንለው ምንድን ነው?

ከመቅደሱ ውጭ ደግሞ የንግሥተ ሳባ ሥዕል አለ። በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን የአዲስ አበባ ሠዓልያን እየደጋገሙ በሸራ የሣሉት ይህ ሥዕል አብዛኛውን ጊዜ 44 ክፍሎች አሉት። ክፍሎቹ በረድፍ ተደርድረው፣ አጭር አጭር ጽሑፍ ታክሎባቸው፣ ክብረ ነገሥትንና የአፍ ትውፊትን እያጣቀሱ ከዘንዶው ዘመን እስከ ቀዳማዊ ምኒልክ ይወስዱናል። ዛሬ ኮሚክ የምንለው ነገር ከዚህ በብዙ አይርቅም።

እኔን ዘወትር የሚያቆመኝ ግን የሥዕሉ መጀመሪያ ነው። በትውፊቱ መሠረት ሕዝቡ ለዘንዶው ይገብር ነበር፤ ከግብሩም አንዱ ልጃገረድ ነበረች። ዘንዶውን የሚገድለው ወንድ ነው፤ በዚህም ይነግሣል፤ ሴት ልጁም ከእርሱ በኋላ ትነግሣለች። የንግሥቲቱን ታሪክ ሁላችንም እናውቀዋለን። የተገበረችውን ልጅ ስም ግን የጻፈልን የለም።

ይህን የጫረብኝ «ጥበብ ገርልስ» የተሰኘው የልጆች አኒሜሽን ነው። ያዘጋጀው ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕ ሲሆን፣ ይኸው ድርጅት ቀደም ሲል «ፀሐይ መማር ትወዳለች» በተባለው የአሻንጉሊት ዝግጅት የብዙ ሕፃናትን ልብ የገዛ ነው። ከመሥራቾቹ አንዷ፣ ቀድሞ መምህርት የነበረችው ብሩክታዊት ጥጋቡ፣ በዚሁ ሥራዋ እ.ኤ.አ. በ2010 የሮሌክስን የወጣቶች ሽልማት አግኝታለች። አዲሱ ሥራ ከአሻንጉሊት ወደ ምናብ ተሻግሯል፦ ልዕለ ኃይል ያላቸው ሦስት ልጃገረዶች፣ ጥበብ ባለው ልብስ አጊጠው፣ ያለ ዕድሜ ጋብቻንና ሌሎች ጎጂ ልማዶችን ይታገላሉ። ገጸ ባሕርያቱ በኮሚክ መልክም ቀርበዋል። (እ.ኤ.አ. በ2018 የብሥራት ደበበ «ጀምበር» በአማርኛና በእንግሊዝኛ ስለ ወጣ፣ የእኛው ጀግና በኮሚክ መታየቱ ብርቅ መሆኑ እየቀረ ነው። የጀምበር ጀግና ግን ወንድ ነው።)

የቅኔ አገር ሰው ነኝና ስሙን ሳልመረምረው አላለፍኩም። ሰሙ የቀሚስ ጠርዝ ነው፤ ወርቁ ዕውቀት። ቅኔውን የፈታችልኝ ግን እናቴ ናት።

ስለ ጎጃም ልጃገረድ ሲነሣ የሥነ ጽሑፍ ወዳጅ ሁሉ ሰብለ ወንጌልን ያስባል። በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» የሰብለ መከራ ከአባቷ ዘር ጋር የሚመጣጠን ባል ጠፍቶ የማግቢያዋ ጊዜ ማለፉ ነው። እውነት ነው፣ የባላባት ቤት መከራ ነው። የጭሰኛው ልጅ መከራ ተቃራኒው ነበር፤ ጊዜዋ ሳይደርስ መዳሯ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት 15 ዓመት ብሎ ነበር፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ለወንድም ለሴትም 18 አደረገው። እናቴ የተዳረችው የመጀመሪያው ሕግ ከወጣ ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ሕጉ መውጣቱን የነገራት ሰው አልነበረም፤ እንኳን ለእርሷ ለአባቷም።

እኔ የባንክ ሠራተኛ ነኝ። በመስኮቴ በኩል የእርሷ እኩዮች በየቀኑ ይመጣሉ። ብዕር ሳቀብላቸው ፈገግ ብለው አውራ ጣታቸውን ያነሣሉ። ቀለሙን አስነክቼ ወረቀቱ ላይ ጫን ስታደርግልኝ፣ እያንዳንዷ በስንት ዓመቷ ተዳረች እያልኩ አስባለሁ፤ ጠይቄ ግን አላውቅም።

ባለፈው ፋሲካ የእህቴ ልጅ በስልኳ የሦስቱን ልጃገረዶች ሥዕል ለአያቷ አሳየቻት። እናቴ ነጠላዋን ወደ ኋላ መለስ አድርጋ፣ ስልኩን ወደ ዐይኗ አስጠግታ፣ ብዙ ቆየች።

«የማን ሙሽሮች ናቸው?» አለች።

ልጅቱ ሳቀች። «ሙሽሮች አይደሉም እማማ፤ ሌሎቹን ልጆች የሚያድኑ ናቸው።»

«ጥበብ ለብሰው የለ?»

ከዚያ ዝም አለች። እኔም የምትናገረው ነገር እንዳላት ስላወቅሁ አላቋረጥኋትም። ሰርጓን ስታነሣልን ያ የመጀመሪያው ነበር። ቀሚሱ ተሰፍቶ ሲመጣ ከቁመቷ እጅግ ይበልጥ ነበር አለችን፤ ስታድግ እንዲሆናት ተብሎ ነው። መሬት ለመሬት እንዳይጎተት እናቷ ጥበቡን ወደ ውስጥ ዐጥፋ በመርፌ ያዘችው። በበቅሎ ተጭና ስትሄድ ጥበቡ ለሰው አይታይም ነበር፤ እርሷ ግን ቁርጭምጭሚቷን ሲነካት ይታወቃት ነበር።

«በኋላ ፈታሽው?» አልኳት።

«የት ደርሼ ልጄ! ቀሚሱ ቀድሞኝ አለቀ።»

ስልኩን ለልጅቱ መለሰችላትና እንደገና ተቀበለቻት። «በይ» አለቻት፣ «ቀጣዩን ሥዕል አሳዪኝ። የሚያድኗት ልጅ የትኛዋ ናት?»