የጠፋ ዘመድን አድራሻ እንዴት ማፈላለግ ይቻላል?

በጋምቤላ ክልል አኝዋክ ዞን የምትገኘው ዲማ ወረዳ በባህላዊ የወርቅ ቁፋሮና ስደተኞችን በማስተናገድ ትታወቃለች። ከተለያዩ የሀገሪቱ ክፍሎች ወጣቶች ወርቅ ፍለጋ ወደ ስፍራው ያቀናሉ፤ ከደቡብ ሱዳን የተሰደዱ ወገኖችም በኦኩጉ መጠለያ ይኖራሉ። በዚህም ምክንያት ከቤተሰቡ ጋር የተቆራረጠ ሰው በወረዳዋ ብርቅ አይደለም። ሆኖም የተዘጋ ስልክ ሁልጊዜ የክፉ ዜና ምልክት ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም። በቁፋሮ ስፍራ ኔትወርክ ላይኖር፣ ሲም ካርድም ሊጠፋ ይችላል።

መጀመሪያ መያዝ ያለበት መረጃ

በሀገራችን የግል፣ የአባትና የአያት ስም ተመሳሳይ የሆነባቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። ስለዚህ እስከ አያት ካለው ስም በተጨማሪ የእናት ስም፣ የትውልድ ቀበሌ፣ ዕድሜ፣ ሰውየው መጨረሻ የታየበት ቦታና ቀን በጽሑፍ ሊያዝ ይገባል። በቁፋሮ ስፍራ ሰው በቅጽል ስሙ ብቻ ሊታወቅ ስለሚችል እርሱንም መመዝገብ ይጠቅማል።

የት ይጠየቃል?

ፍለጋው ከቅርብ ሰው ይጀምራል፦ አብሮት ከሄደ የሀገሩ ልጅ፣ ካሳፈረው ሾፌር፣ ካከራየው ሰው። ቀጥሎ የሚሠራበት የወርቅ አምራቾች ማኅበር፣ የቀበሌ አስተዳደር፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ይጠየቃል። ጉዳት ደርሶበታል የሚል ስጋት ካለ ግን ቀዳሚው ለፖሊስ ማመልከት ነው።

በጦርነት፣ በስደት ወይም በአደጋ ለተለያዩ ቤተሰቦች በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ከዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ጋር የማፈላለግ አገልግሎት ይሰጣል። አገልግሎቱ ነፃ ነው። በኢትዮጵያና በኤርትራ መካከል የስልክ መስመር ተቋርጦ በነበረባቸው ዓመታት፣ እስከ 2010 ዓ.ም. ድረስ፣ በርካታ ቤተሰቦች የተገናኙት በቀይ መስቀል መልዕክት ነበር። መልዕክቱ ክፍት ደብዳቤ ሲሆን የሚጻፍበት የቤተሰብ ወሬ ብቻ ነው።

ጥንቃቄ

ፎቶግራፍና ስልክ ቁጥር በፌስቡክ ወይም በቴሌግራም መለጠፍ ፈጣን ቢሆንም አጭበርባሪ ይጋብዛል። “ልጃችሁ እኔ ዘንድ ነው፣ ገንዘብ ላኩ” የሚል ሰው ሲደውል፣ በማስታወቂያው ላይ ያልተገለጸ ነገር፣ ለምሳሌ የአያቱን ስም ወይም የገላውን ምልክት፣ መጠየቅ ይገባል። ማረጋገጫ ሳይገኝ ገንዘብ መላክ አይመከርም።

ሌላው ጉዳይ የተፈላጊው ፈቃድ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን መብት ያስከብራል፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅም የሰው መረጃ እንዲሁ እንዳይሰራጭ ይከለክላል። ከግዳጅ ጋብቻ ወይም ከጥቃት የሸሸች ሴት አድራሻዋ ለፈላጊ ቢሰጥ ሕይወቷ አደጋ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ቀይ መስቀልም የተገኘን ሰው አድራሻ ያለፈቃዱ አይሰጥም።

ስለዚህ “የእርሱን ስልክ ስጡኝ” ከማለት ይልቅ “የእኔን ስልክ አድርሱለት” ማለት ይሻላል። ያገኘው ሰው አደራውን ለማድረስ አይቸገርም፤ መደወል ወይም አለመደወል ግን የተፈላጊው ውሳኔ ይሆናል። “ደኅና ነኝ” የሚል ቃል ብቻ ቢልክ እንኳ፣ በር በሩን ስታይ ለከረመች እናት ትልቅ እረፍት ነው።